የበሩ መብራት ማብሪያ በማን እጅ ነው?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በማግስቱ የምትወጣው ደግሞ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ሌሊቱ ከ14 ሰዓት ይበልጣል። የዓመቱ አጭር ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል የማያንስ ብርሃን ባለበት በአዲስ አበባ ያደገ፣ ሰዓቱንም ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ መቁጠር የለመደ ሰው ይህን ጨለማ የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው። ሥራው ግን አይጠብቀውም። የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው፣ የታክሲና የኡበር አሽከርካሪው፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከበው ረዳት፣ የሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛዋ ከቤት የሚወጡት ወይም ወደ ቤት የሚመለሱት በዚያ ጨለማ ነው። እሑድ ሳይነጋ ለኪዳንና ለቅዳሴ የሚነሡት እናቶችም፣ በረመዳን ከተራዊሕ ሰላት የሚመለሱት አባቶችም እንዲሁ።

የሚወጡበትና የሚገቡበት በር ደግሞ ሁልጊዜ የቤቱ ፊት ለፊት በር አይደለም። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት ሰፈሮች አዲስ የመጣ ሰው ወይም ገንዘብ የሚቆጥብ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚከራየው ቤዝመንት ነው። የቤዝመንቱ በር በቤቱ ጎን ወይም በጓሮ በኩል ይሆንና ስድስት ሰባት የሲሚንቶ ደረጃ ወደ ታች ይወረድለታል። ደረጃው በመጸው ቅጠል ይሞላዋል፤ በብርድ ወራት ውሃው ወደ በረዶ ይለወጥበታል። ከበሩ በላይ አምፖል የሌለበት ባዶ መያዣ ይታያል። ወይም አምፖሉ አለ፤ ማብሪያው ግን ላይ፣ በአከራዩ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

ይህ በአብዛኛው ሕግ መጣስ አይደለም፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የሕንፃ ደንቦች በአንድና በሁለት ቤተሰብ ቤቶች በር ላይ መብራት እንዲተከል ያዛሉ፤ መብራቱ እንዲበራ ግን አያዝዙም። በዚያ በር የሚመላለሰው ሰው መብራቱን የማዘዝ መብት ይኑረው አይኑረው ደግሞ ጨርሶ አያነሡም። ሊሞላ የሚገባው ይህ ክፍተት ነው፤ የሚሞላውም ብዙዎች እንደሚገምቱት በግንባታው ደንብ ሳይሆን በጥገናውና በኪራዩ ሕግ ነው።

ደንቡ የሚለውና የሚተወው

በአሜሪካ ለመላው አገር የሚሠራ አንድ የሕንፃ ሕግ የለም። ስቴቶችና ከተሞች መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች የሚዘጋጁ ሞዴል ደንቦችን ተቀብለው፣ እንደየሁኔታቸውም አሻሽለው ሕግ ያደርጓቸዋል። የመኖሪያ ቤት መግቢያን መብራት በተመለከተ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የመጀመሪያ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው፣ ዛሬ በብሔራዊው የእሳት መከላከል ማኅበር የሚዘጋጀው ናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ ነው። ሁለተኛው የኢንተርናሽናል ኮድ ካውንስል ሥራ የሆነው ኢንተርናሽናል ሬዚደንሻል ኮድ ነው። ሁለቱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳሉ።

የኤሌክትሪክ ደንቡ በአንቀጽ 210.70 ስር፣ ከመሬቱ ደረጃ ጋር የተስተካከለ መውጫ ያለው የቤት የውጭ በር ሁሉ በውጭ በኩል ብርሃን የሚሰጥ፣ ከግድግዳ በማብሪያ የሚታዘዝ ቢያንስ አንድ የመብራት ነጥብ እንዲኖረው ያዛል። ለመኪና የሚከፈተው የጋራዥ በር እንደ መግቢያ አይቆጠርም። «ከመሬቱ ደረጃ ጋር የተስተካከለ» የሚለው ቃል በደረጃ ወደ ታች የሚወረድበትን የቤዝመንት በር ሊያከራክር ይችላል፤ ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ደንቡ ይህን ቀዳዳ ይደፍነዋል። በእርሱ መሠረት የውጭ ደረጃ በላይኛው ማረፊያው ላይ መብራት ሊኖረው ይገባል፤ ከመሬት ወደ ቤዝመንት የሚያወርድ የውጭ ደረጃ ከሆነ ደግሞ በታችኛው ማረፊያ ላይ።

እስከዚህ ድረስ ደንቦቹ የሚነቀፉ አይደሉም። ወደ ቤዝመንት የሚወርድ ሰው ብርሃን የሚያስፈልገው ከታች፣ ቁልፉን በሚፈልግበትና እግሩ የመጨረሻውን ደረጃ በሚለቅበት ቦታ መሆኑን ያሰበ ሰው ጽፏቸዋል። የጎደለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የመኖሪያ ቤት ደንቡ በቅርብ ዓመታት እትሞቹ ለቤት ውስጥ ደረጃ ከ11 ሉክስ ያላነሰ፣ በአሜሪካውያን መለኪያ 1 ፉት ካንድል፣ ብርሃን ሲጠይቅ፣ ለውጭ ደረጃ የመብራቱን ቦታ እንጂ የብርሃኑን መጠን አይወስንም። የኤሌክትሪክ ደንቡም መጠን አይጠቅስም። መብራቱ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት መብራት እንዳለበት የሚናገር ቃል በሁለቱም የለም። 11 ሉክስ ራሱ ብዙ ብርሃን አይደለም፤ አንድ ሻማ አንድ ጫማ ርቀት ላይ ባለ ነገር ላይ የሚያሳርፈውን ያህል ነው። ሰው እርከኑን ከጥላው ለመለየት ግን ይበቃዋል።

የማብሪያው ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ረቂቅ ነው። ደንቦቹ ማብሪያ እንዲኖር ሲያዝዙ በዓይነ ሕሊናቸው ያለው አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ ነው። አንድ ቤተሰብ በሚኖርበት ቤት ማብሪያው በየትኛውም ግድግዳ ላይ ቢሆን ከባለቤቱ እጅ አይርቅም። ቤቱ ሳይፈቀድለትና ሳይመዘገብ ለሁለት ሲከፈል፣ ማለትም ባለቤቱ ላይ ሲኖርና ታችኛው ሲከራይ፣ በመዝገብ ላይ ቤቱ አሁንም አንድ መኖሪያ ነው። ማብሪያው ላይ መሆኑ ደንቡን ያሟላል። ታች ያለው ሰው በደንቡ ዓይን የለም።

ቤቱ ካረጀ በኋላ

የግንባታ ደንብ በመሠረቱ የሚሠራው ቤት ሲሠራ ወይም በፈቃድ ሲታደስ ነው። ከ50 ወይም ከ70 ዓመት በፊት የተሠራ ቤት በዘመኑ ይሠራበት የነበረውን ደንብ ካሟላ፣ ዛሬ የወጣ ደንብ ወደ ኋላ ተመልሶ አያስገድደውም። ኤሌክትሪክ ባለሙያው መብራቱን ሰቅሎ፣ ተቆጣጣሪው ማብሪያውን ሞክሮ ከፈረመ በኋላ የግንባታ ደንቡ ሥራ አበቃ። አምፖሉ በዓመቱ ቢቃጠል ጉዳዩ ወደ ሌላ ሕግ ይሻገራል።

ያ ሌላ ሕግ የጥገና ደንቡ ነው። ብዙ ከተሞች የተቀበሉት ሞዴል፣ ኢንተርናሽናል ፕሮፐርቲ ሜንተናንስ ኮድ፣ በአንቀጽ 402.2 የመኖሪያ ሕንፃዎች የጋራ መተላለፊያና ደረጃ ምንጊዜም መብራት እንዲኖረው ያዛል፤ መጠኑንም ለእያንዳንዱ 200 ስኩዌር ጫማ ወለል አንድ ባለ 60 ዋት መደበኛ አምፖል ወይም ተመጣጣኙ፣ በመብራቶቹ መካከል ያለው ርቀትም ከ30 ጫማ የማይበልጥ ብሎ ይወስናል። ትእዛዙ ጥሩ ነው። ነገር ግን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የአንድና የሁለት ቤተሰብ ቤቶችን ከግዴታው ያወጣል። ይኸው ደንብ በአንቀጽ 605.3 መብራት ሊኖራቸው የሚገቡ ቦታዎችን ሲዘረዝር የጋራ ኮሪደሩን፣ የውስጥ ደረጃውን፣ መጸዳጃውን፣ ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውን፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን፣ የቦይለርና የማሞቂያ ክፍሉን ሳይቀር ይጠራል። የውጭ በሩ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የማሞቂያ ክፍል የተጠነቀቁለትን ያህል ሰው በየቀኑ የሚወጣበት በር አልተጠነቀቁለትም።

ስለ ዋቱ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ዋት አምፖል የሚበላው የኤሌክትሪክ መጠን እንጂ የሚሰጠው ብርሃን አይደለም። ቀድሞ በ60 ዋት ይገኝ የነበረውን ብርሃን ዛሬ 9 ዋት ገደማ የሚወስድ የኤል ኢ ዲ አምፖል ይሰጣል። «ወይም ተመጣጣኙ» የሚለው ቃል ችግሩን በከፊል ቢያቃልልም፣ ተቆጣጣሪውንም ተከራዩንም በማይጨበጥ ንጽጽር ውስጥ ይተዋቸዋል። ሉክስ ግን ማንም ሰው በርካሽ መሣሪያ ወለሉ ላይ አስቀምጦ ሊለካው ይችላል። ስለዚህ ማሻሻያ የሚያረቅቅ ሰው በዋት ፈንታ በሉክስ ይጻፍ።

የተከራይ በር በሕግ ሊበራ እንደሚችል ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣውና ብዙ ጊዜ የተሻሻለው የኒው ዮርክ የብዙ ቤተሰብ መኖሪያዎች ሕግ በአንቀጽ 35 የሕንፃው ባለቤት በዋናው መግቢያ ውጭ መብራት እንዲተክልና እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የፊት ገጽታው እስከ 22 ጫማ ለሆነ ሕንፃ ቢያንስ 50 ዋት፣ ከዚያ ለሚሰፋ 100 ዋት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራቱ በየቀኑ ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ማግስቱ የፀሐይ መውጣት እንዲበራ ያዛል። ያ አንድ ሐረግ ሞዴል ደንቦቹ የተዉትን ሁሉ ይሸፍናል፤ ማብሪያው በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ እዚያ ትርጉሙን ያጣል። ሕጉ የሚመለከተው ሦስትና ከዚያ በላይ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸውን ሕንፃዎች ብቻ ነው። መርሁ ግን ለትንሹም ቤት የሚሠራ መርህ ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ ተደራሽነትን የሚመለከተው የሕንፃ ደንቦች መመሪያ፣ ክፍል ኤም፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «ተደራሽና ሊስማማ የሚችል መኖሪያ» በሚለው ምድቡ ለመግቢያ በር ዓይን የማይወጋ፣ ሲመሽ በሰዓት ቆጣሪ ወይም እንቅስቃሴ ሲኖር በራሱ የሚበራ መብራት ይጠይቃል። ይህ ምድብ አስገዳጅ የሚሆነው የአካባቢው የፕላን ባለሥልጣን ሲጠይቀው ብቻ ነው፤ ለንደን በ2021 ባጸደቀችው ፕላን ከአዳዲስ ቤቶች ቢያንስ አሥር በመቶውን ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ለሚመቸው ከፍተኛ ምድብ መድባ፣ ቀሪዎቹ ሁሉ ይህን ምድብ እንዲያሟሉ ጠይቃለች። ከኒው ዮርኩ ይልቅ የለንደኑ ለዛሬው ቴክኖሎጂ የቀረበ ነው፤ የኒው ዮርኩ ግን ለነባር ቤትም ይሠራል። ለዋሽንግተን አካባቢ የሚያስፈልገው የሁለቱ ድብልቅ ነው።

ስለ ወንጀል ብዙ አለማለት ይሻላል

የበር መብራት ጉዳይ በምክር ቤት ሲነሣ የመጀመሪያው ክርክር ሁልጊዜ ወንጀል ነው። ይህ ክርክር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በመንግሥት የመኖሪያ ግቢዎች ኃይለኛ የመብራት ማማዎች በዕጣ ተመድበው በተተከሉበት ሙከራ፣ በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች በ36 በመቶ ገደማ መቀነሳቸው ተዘግቧል። ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የተፈተነው ግቢን ሁሉ ቀን የሚያስመስል ማማ እንጂ በአንድ በር ላይ ያለ አምፖል አይደለም። በሌላ በኩል በቺካጎ አንድ ሰፈር የጓሮ መተላለፊያዎች መብራት ሲጨመር፣ የኢሊኖይ የወንጀል ፍትሕ መረጃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ጥናት ለፖሊስ የተመዘገቡት ጥፋቶች መጨመራቸውን እንጂ መቀነሳቸውን አላገኘም። ይህን የሚያውቅ አንድ ተቃዋሚ በችሎቱ ላይ ከተነሣ የወንጀል ክርክር ይፈርሳል፤ ማሻሻያውም አብሮት ይወድቃል።

የማይፈርሰው ክርክር መውደቅ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እንደሚለው ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከአራቱ ከአንዱ በላይ ይወድቃል። በዕድሜ የገፋ ዓይን ከወጣት ዓይን እጅግ ያነሰ ብርሃን ነው የሚያስገባው፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲሻገርም ለመልመድ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። ከደማቅ ሳሎን ወጥቶ ወደ ጨለማ ደረጃ የሚያልፍ አረጋዊ ለጥቂት ጊዜ የሚረግጠው ደረጃውን ሳይሆን ግምቱን ነው። በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ውስጥ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ልጆቻቸውን ሊያርሱ ወይም የልጅ ልጅ ሊጠብቁ መጥተው የቀሩ እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ የሚኖሩት ከልጆቻቸው ጋር በተከራዩት ቤት ነው፤ ሲወድቁ የሚሰበረው ዳሌ፣ ሥራ የሚያስቀረው ልጅ፣ የሚመጣው የሕክምና ሒሳብ በአንድ ቤት ውስጥ ይሰበሰባል። የምክር ቤት አባል ሠራተኛ ይህን ለአለቃው ሲያቀርብ ተቃዋሚ አያገኝም።

የበሩ ብርሃን ሌላም ጥቅም አለው፤ የቤቱ ቁጥር ይነበባል። አምቡላንስ የጠራ ሰው በጎን በር የሚኖር ከሆነ፣ በጨለማ ውስጥ ያንን በር ፈልጎ ማግኘት ደቂቃዎችን ይበላል።

ወጪውና ሰማዩ

ወጪውን በተመለከተ ሒሳቡ አጭር ነው። ባለ 9 ዋት አምፖል በየሌሊቱ 12 ሰዓት ቢበራ በዓመት 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 17 ሳንቲም ነው ቢባል ከሰባት ዶላር አይሞላም። በዱሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ቢሆን 263 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 45 ዶላር ያህል በሆነ ነበር። ሲመሽ በራሱ የሚበራ፣ ሲነጋ የሚጠፋ የብርሃን ሴንሰር በአምፖሉ ውስጥ ተሠርቶ ስለሚሸጥ፣ አምፖል መያዣው ካለ ግድግዳ መቆርቆር፣ ሽቦ መሳብ ወይም ኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ዱሮውኑ መያዣ የሌለው በር ብቻ ነው እውነተኛ ወጪ የሚጠይቀው፤ ለእርሱ የአንድ ዓመት ያህል የመሸጋገሪያ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው።

የእንቅስቃሴ ሴንሰር ለብቻው አይበቃም። ሰው በር ላይ ቆሞ ከቦርሳው ቁልፍ ሲፈልግ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ በዚያው ቅጽበት መብራቱ ይጠፋበትና ሽማግሌው በጨለማ ውስጥ እጁን እያውለበለበ መብራቱን ይለምናል። የሚያስቅ ይመስላል፤ በበረዶ ላይ ሲሆን ግን አያስቅም። እንቅስቃሴ የሚጠብቅ መብራት ከተፈቀደ አንዴ ሲበራ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ እንዲቆይ መጻፍ አለበት።

የሌሊት ሰማይ ተከላካዮች ደግሞ ትክክለኛ ሥጋት ያነሣሉ። በየበሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ ነጭ መብራት የጎረቤትን መኝታ ያበላሻል፤ ሰማዩንም ያነጣዋል። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ የኤል ኢ ዲ መብራት ከ3000 ኬልቪን ያልበለጠ፣ ሞቅ ያለ ቀለም ያለውና ጮራው ወደ ጎን እንዳይረጭ የተከለለ እንዲሆን መክሯል። ዛሬ ዳርክስካይ ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅትም ከመብራት መሐንዲሶች ማኅበር ጋር ሆኖ በ2020 ያወጣቸው አምስት መርሆች ብርሃን ለሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ፣ በሚያስፈልገው መጠን፣ በቁጥጥር ስር፣ በሞቀ ቀለም እንዲሰጥ ይጠይቃሉ። ከዚህ ጋር የሚጋጭ ነገር በዚህ ሐሳብ ውስጥ የለም። 11 ሉክስ የሚጠየቀው ለደረጃውና ለበሩ ፊት እንጂ ለግቢው አይደለም፤ ወደ ታች የሚያይ ክዳን ያለው መብራት ሁለቱንም ወገን ያስማማል። የሰማይ ተከላካዮችን ከረቂቁ መጀመሪያ ጀምሮ መጋበዝ በኋላ በተቃዋሚነት ከማግኘት ይሻላል።

ያገር ልጅ አከራይ

ይህ ጉዳይ ከውጭ ሲታይ የሚስጥ ችግር አለው። በዋሽንግተን አካባቢ የኢትዮጵያዊ ተከራይ አከራይ ብዙ ጊዜ ራሱ ኢትዮጵያዊ ነው። ቤቱን በብድር ገዝቶ፣ ወርኃዊ ክፍያውን ለማሟላት ታችኛውን ያከራየ፣ እርሱም የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ነው። ኪራዩ በቃል ነው፤ ውል የለውም። ተከራዩ የተገኘው በቤተ ክርስቲያን፣ በእድር ወይም በዘመድ በኩል ነው። እንዲህ ባለ ግንኙነት ውስጥ «መብራቱን አብሩልኝ» ማለት ቀላል አይደለም። ይሉኝታ አለ፤ ኪራዩም ከገበያው የረከሰ ስለሆነ ማስታወቅ ውለታ መርሳት ይመስላል። ማታ ማታ ማብሪያውን የሚያጠፋው አከራይም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከመተኛቱ በፊት ቤቱን ሲዞር መብራት ማጥፋት ከልጅነቱ የተማረው ቁጠባ ነው። ታች ያለው ሰው ሌሊት 9 ሰዓት እንደሚመለስ አያስበውም።

ቅሬታን ብቻ መሠረት ያደረገ አፈጻጸም እዚህ ላይ ይከሽፋል። በዲሲ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ አከራይ ቅሬታ ያቀረበን ተከራይ እንዳይበቀል ሕግ ይከለክላል። ያልተመዘገበ ቤዝመንት ውስጥ የሚኖር ሰው ግን የሚፈራው በቀሉን ብቻ አይደለም፤ ተቆጣጣሪው ሊያይ የመጣው አምፖሉን ቢሆንም የሚያገኘው ፈቃድ የሌለውን መኖሪያ ነው፤ ውሳኔውም «ክፍሉ ይለቀቅ» ሊሆን ይችላል። አንድ አምፖል ሊያስጠግን የደወለ ሰው ቤት አልባ ከሆነ ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ማንም አይደውልም። በመሆኑም ማሻሻያው በሁለት መንገድ መቀረጽ አለበት። ፈቃድ ባላቸው ኪራዮች መብራቱ ፈቃዱ ሲሰጥና ሲታደስ ከሚመረመሩት ነገሮች አንዱ ይሁን፤ ማንም መክሰስ ሳያስፈልገው ይታያል። ፈቃድ በሌላቸው ደግሞ ስለ መግቢያ መብራት የሚቀርብ ጥቆማ መጀመሪያ በጽሑፍ የእርማት ማስታወቂያ እንዲስተናገድ፣ አከራዩ በ14 ቀን ውስጥ ካስተካከለ ወደ ቤቱ ውስጥ ምርመራ እንዳይሻገር ይደንገግ። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ በሕግ አስከባሪዎች ዘንድ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፤ አደገኛ ሽቦ ወይም መውጫ የሌለው መኝታ ክፍል እያለ ዓይን መጨፈን ነው ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ዛሬ ያለው ሁኔታ ዓይን የተከፈተበት አይደለም፤ ማንም ስለማይደውል ሽቦውንም የሚያይ የለም።

ማብሪያውን ለተከራዩ ማስረከብ ብቻውንም በቂ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ብቻውን የሚኖር ሰው ከሥራ ሲመለስ ማብሪያው በክፍሉ ውስጥ መሆኑ ምን ይጠቅመዋል? ከመብራቱ ለመድረስ ደረጃውን በጨለማ መውረድ አለበት። መፍትሔው መብራቱ በጨለማ ሰዓት ሁሉ በራሱ እንዲሠራ ነው። በአንድ ወገን እጅ፣ በማብሪያም ሆነ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን፣ የሚቆረጥ ከሆነም ያ ወገን በዚያ በር የሚገለገለው ሰው ይሁን።

ሊቀርብ የሚችለው የአንቀጹ ቃል ይህን ሊመስል ይችላል፦ «ለኪራይ በዋለ ማንኛውም መኖሪያ፣ የአንድና የሁለት ቤተሰብ ቤቶችን ጨምሮ፣ ተከራይ የሚገለገልበት የውጭ በር ሁሉና ወደዚያ በር የሚያደርስ ደረጃ፣ በእርከኖቹና በማረፊያው ወለል ላይ ከ11 ሉክስ ያላነሰ ብርሃን የሚሰጥ፣ ወደ ታች የተከለለ፣ ከ3000 ኬልቪን ያልበለጠ መብራት ይኖረዋል። መብራቱ ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ፀሐይ መውጣት ያለ ሰው ትእዛዝ ይሠራል፤ ወይም እንቅስቃሴ ሲኖር በርቶ ከአምስት ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ይቆያል። በተከራይ ብቻ የሚገለገሉበትን በር መብራት ከተከራዩ ክፍል ውጭ ባለ ማብሪያ ማቋረጥ የተከለከለ ነው። አከራዩ የተበላሸን መብራት በጽሑፍ በተነገረው በሦስት ቀን ውስጥ ይተካል።»

ማንን መጠየቅ

በሦስቱ አካባቢዎች በሩ የተለያየ ነው፤ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ደግሞ ዓመታትን ያስባክናል። በቨርጂኒያ የሕንፃ ደንቡ ለመላው ስቴት አንድ ወጥ ነው፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ወይም የፌርፋክስ ካውንቲ በራሱ ሥልጣን ከእርሱ የጠበቀ የግንባታ ደንብ ማውጣት አይችልም። የደንቡ ሦስተኛ ክፍል የሆነውን የጥገና ደንብ ማስፈጸም አለማስፈጸም ግን ለየአካባቢው መስተዳድር የተተወ ነው። ስለዚህ የቃሉ ለውጥ የሚጠየቀው በሪችመንድ ካለው የስቴቱ የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት ቦርድ፣ አፈጻጸሙ ደግሞ ከከተማው ምክር ቤት ነው። ቦርዱ ደንቡን በየዙሩ ሲያድስ ከማንኛውም ሰው የማሻሻያ ሐሳብ ይቀበላል፤ ሐሳብ አቅራቢው መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም።

በሜሪላንድ ካውንቲዎች የስቴቱን የሕንፃ ደንብ ለአካባቢያቸው የማሻሻል ሥልጣን አላቸው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ኪራይ ቤቶችን በፈቃድ ያስተዳድራል፤ የራሱም የቤት ጥገና ደረጃዎች ምዕራፍ አለው። በሮክቪል ያለው የካውንቲ ምክር ቤት ይህን ምዕራፍ ለማሻሻል የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ኢትዮጵያውያን መራጮች በብዛት ያሉበት አካባቢ በመሆኑም ሙከራው ከዚህ ቢጀመር የተሻለ ነው።

በዲሲ ጉዳዩ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2022 ራሱን የቻለውን የሕንፃዎች መሥሪያ ቤትና የከተማዋን ምክር ቤት ነው። ዲሲ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አላት። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ ቋንቋውን የሚናገሩት ተገልጋዮች ሦስት በመቶ ወይም 500 ሰዎች፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ሲደርሱ መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን በዚያ ቋንቋ እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛም በዚህ ሕግ ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የእርማት ማስታወቂያው ለአከራዩም ለተከራዩም በአማርኛ እንዲደርስ የሚለው ጥያቄ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ ያለውን መጥቀስ ይበቃል። ቅጹ ሲተረጎም ግን «ላይቲንግ አውትሌት» የሚለው የደንቡ ቃል እንደወረደ እንዳይሰፍር መጠንቀቅ ይገባል፤ የሚያነበው ሰው ሶኬት ሊመስለውና አከራዩም በሩ ላይ ሶኬት ገጥሞ ግዴታውን የተወጣ ሊመስለው ይችላል። «የበር መብራት» ተብሎ ይጻፍ።